የጠመንጃን ምላጭ በሞረድ ስለ ማላላት

በሞያሌ ዙሪያ በቆሎ የዘራ ገበሬ እሸቱ በደረሰ ጊዜ ሌሊቱን ከከርከሮ ጋር ሲታገል ያድራል፤ ከብት ያለውም ጅብ ይጠብቃል። ከተማይቱ በድንበር ለሁለት የተከፈለች ስለ ሆነች ሕጉም ሁለት ነው። በኬንያ በኩል አደን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተከለከለ በመሆኑ አውሬ ያስቸገረው ሰው ለዱር አራዊት አገልግሎት ያመለክታል። በኢትዮጵያ በኩል ግን ጠመንጃ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ አደንም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት በፈቃድ ይፈጸማል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ፈቃድ ስለ ያዘው ሰው ነው።

ይህ ሰው ዘወትር የሚያማርረው ምላጩ ደረቅ ነው እያለ ነው። አቤቱታውም እውነት አለበት። ጠመንጃ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ምላጩ ደግሞ የሦስት ኪሎ ጉልበት ቢጠይቅ ጣት የመሣሪያውን ክብደት የሚያህል ኀይል ማውጣት ግድ ይሆንባታል፤ አፈሙዙም ሳይነቃነቅ አይቀርም። በዚህ ምክንያት ሆዱን የተመታ ከርከሮ ቆስሎ ቁጥቋጦ ይገባል፤ በማግስቱ የሚያገኘው ምናልባት እንጨት ለቃሚ ልጅ ነው።

ነገር ግን ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቀጥቃጭ ሄዶ «በሞረድ አላላልኝ» ማለት ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ነው። መምቻውን መርፌ ይዞ የሚያቆመው ጥርስ በብዙ ጠመንጃዎች ጠንካራነቱ በላዩ ላይ ባለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ሞረዱ ያን ሽፋን ሲገፈው ውስጡ ለስላሳ ብረት ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቱ ይደሰታል፤ ከዚያ በኋላ ጥርሱ እያለቀ ሄዶ ጠመንጃው በትከሻ እንደ ተንጠለጠለ ሊተኩስ ይችላል። ሞላ መቁረጥም ከዚህ አይሻልም።

በፋብሪካም ስሕተት ይገኛል። ሬሚንግተን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ2006 ጀምሮ የተሠሩትን ብዙ ሞዴል 700 ጠመንጃዎች መልሶ ጠርቷል፤ ምክንያቱ በምላጩ መገጣጠሚያ ላይ የቀረ ትርፍ ማጣበቂያ ነበር። መሐንዲስና መለኪያ ያለው ፋብሪካ እንዲህ ከሳተ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ምን ይጠበቅበታል? (ማረሻውን ግን እናመሰግናለን።)

አንዳንዱ ደግሞ ጉድለት ያልሆነውን ጉድለት ይለዋል። በቀድሞው የማውዘር ጠመንጃ ምላጩ በመጀመሪያ ልል ሆኖ ይሳባል፤ ቀጥሎ ይቆማል፤ ሁለተኛው ግፊት ያስተኩሰዋል። ይህ የተሠራው ሆነ ተብሎ ነው፤ ተኳሹ እስኪፈልግ ድረስ ጥርሱ በጥልቀት እንዲይዝ ነው። ጣትን እስከ መቆሚያው አድርሶ፣ ትንፋሽን ገትቶ፣ ቀስ ብሎ መጫን ብቻ ያስፈልጋል።

በብዙው ጠመንጃ ላይ ያለው ድርቀት የአቧራና የረጋ ቅባት ውጤት ነው። ጥይቱን አውጥቶ፣ ጎተራውንም ሁለት ጊዜ አይቶ፣ በላምባ አጥቦ ማድረቅና ስስ ዘይት መቀባት ይበቃል። ይህ ካልረዳ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ ጥርሱን በትክክለኛ ማዕዘን ያለሰልሰው ወይም ምላጩን በሙሉ ይለውጠው፤ ዋጋው ከአንድ ፍየል ቢበልጥም።

ለመንግሥት ሹማምንትም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ጠመንጃ ለፈቃድ በሚቀርብበት ቀን ምላጩም ይሞከር። ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ መዝጊያው ተስቦ ሰደፉ በጎማ መዶሻ ይመታ፤ መርፌው በራሱ ከወደቀ መሣሪያው ተጠግኖ እስኪመለስ ፈቃዱ ይቆይ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።