ሐውልቱስ ቆመ፤ አስጎብኚውስ?

ስለ አኖሌ ለመከራከር አኖሌን ማየት ግዴታ አይደለም። ይህ በሀገራችን የጸና ሕግ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሞጆን፣ አዳማን፣ ኢተያን አልፎ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ በሄጦሳ ወረዳ ምድር ላይ ሲደርስ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አንዱ «ያ የግፍ ምስክር ነው» ይላል፤ ሌላው «ያ የጥላቻ ሐውልት ነው» ይላል። ከመኪናው የሚወርድ ግን የለም። ቢወርድስ ምን ያገኛል? የተቆረጠ ጡት የያዘ የድንጋይ እጅ። ድንጋዩን ያየ ሰው «መቼ? እነማን? ከየት መጥተው? እንዴት ታወቀ?» ብሎ ቢጠይቅ ድንጋዩ አፍ የለውም።

ሐውልቱ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነሣው ጩኸት እስከ ዛሬ አልበረደም። በዚያው ፈረንጆቹ 2014 ብለው በሚቆጥሩት ዓመት የታሪክ ተመራማሪው አባስ ሐጂ ገነሞ ስለ አርሲ ኦሮሞ መያዝና ተቃውሞ የጻፉት ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ብሪል በተባለው ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ለሐውልቱ የተጮኸውን ያህል ለመጽሐፉ ማን ጮኸ? (መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋውም የደሞዝተኛን ኪስ አይምርም። ቢሆንም!) ድንጋይ ለመደገፍም ለመራገምም ይመቻል። መጽሐፍ ግን ይነበባል፤ እዚያ ላይ ነው ችግሩ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር በአርሲ ላይ መዝመት የጀመረው በ1874 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጅማው አባ ጅፋር ግብር ተቀብለው ዙፋናቸውን ይዘው ቆዩ፤ ጅማ ንጉሥ ነበራትና አንድ ሰው ሲገብር ሀገር ገበረ። አርሲ ግን ንጉሥ አልነበረውም። በገዳ ሥርዓትና በጎሳ ሽማግሌዎች የሚተዳደር ሕዝብ በመሆኑ፣ አንዱን ወገን ማሸነፍ ሌላውን ማሸነፍ አልሆነም። ጦርነቱ ዓመታት የፈጀው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ፈረሰኛው በጦርና በጋሻ፣ በሌሊትና በድንገት እየወጋ የሸዋን ሠራዊት ደጋግሞ አስጨንቋል። በመጨረሻ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የመሩት ጦር በጳጉሜን 1878 ዓ.ም. አዙሌ ላይ ድል አደረገ። በዚያ ቀን ከአርሲ ወገን እስከ 12 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይጠቀሳል። አኖሌ ከዚህ በኋላ የመጣ ነገር ነው፦ ለእርቅ ተብለው የተጠሩ ሰዎች የወንዶቹ ቀኝ እጅ፣ የሴቶቹ ጡት ተቆረጠ ይላል የአርሲ የቃል ታሪክ። በዘመኑ ከተጻፈ ሰነድ ይህን የሚያረጋግጥ አምጡ የሚሉ ወገኖች አሉ፤ የተበዳይ አንደበት ራሱ ሰነድ ነው የሚሉም አሉ።

አሁን ልብ በሉ። ስለ አኖሌ ጠብ የሚገጥሙ ሰዎች ስለ አዙሌ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ስሙን አልሰሙም። በአንድ ቀን የወደቀ ያ ሁሉ ሰው ከአንድ ድንጋይ ጥላ ሥር ተረስቶ ቀረ ማለት ነው። «ምኒልክን ሰደቡብን» የሚለውም «ተበደልን» የሚለውም ሜዳውን አያውቀውም። ጳጉሜን በአርሲ ደጋ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ ያስታወሰ አለ? ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ከጭላሎ የሚወርደው ውሃ መሬቱን ያጨቀየዋል። በጭቃ ፈረስ ምን ያህል ይሮጣል? ከክንድ የሚወረወር ጦር የት ይደርሳል፣ ከውጭ የመጣው ጠመንጃስ ከየት ይመታል? ይህን መልስ የሚሰጠው ሐውልት ሳይሆን ሜዳው ላይ አቁሞ በጣቱ የሚያሳይ ሰው ነው። እኔ የጦር ሜዳ አስጎብኚ የምለው እርሱን ነው።

እኛ ሀገር አስጎብኚ ሲባል ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ቢበዛ የሰሜን ተራራ ጭላዳ ነው የሚታሰበን። አሰላና በቆጂ ሲነሡ ደግሞ ሯጮቹ። (ሯጮቹ ክብራቸው ይስፋ፤ ግን ደጋው ከእነርሱም በፊት ታሪክ ነበረው።) አሜሪካኖች ወንድም ከወንድሙ የተላለቀበትን፣ በ1863 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የጌትስበርግ ጦርነት የሚያስጎበኝ ሰው ፈተና ወስዶ ፈቃድ እንዲያወጣ ያደረጉት ከ1915 ጀምሮ ነው። እንግሊዞችም በ2003 የጦር ሜዳ አስጎብኚዎች ማኅበር አቋቁመው አባሎቻቸውን እየፈተኑ ባጅ ይሰጣሉ፤ ሜዳ ላይ እየተገናኙም አንዱ የሌላውን ትረካ ይመዝናል። እኛስ? ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ በእግራቸው የተጓዙ ወጣቶች አሉን፤ እግራቸው የሠራውን ብዙ አዳራሽ አልሠራውም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳ ላይ ትልቅ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፈተ። ሕንጻ አለ፤ እግር አለ። ተፈትኖ፣ ተመስክሮለት፣ ሜዳው ላይ ቆሞ የሚናገር አፍ የት አለ?

«አስጎብኚውስ ከየትኛው ወገን ይሆናል? ሁሉም የዘሩን አይተርክም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይመጣልና መልሱ በፈተናው ውስጥ ይሁን። የአዙሌ አስጎብኚ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ኦሮምኛና አማርኛ አሳምሮ ይናገር። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉትን የምኒልክ ዜና መዋዕል አንብቦ ይምጣ፤ የአርሲ ሽማግሌዎች ከአባት ከአያታቸው የሰሙትንም ቁጭ ብሎ አዳምጦ ይምጣ። ከዚያ ሁለት ፈታኝ ይቀመጥበት፤ አንዱ የዘማች ልጅ፣ ሌላው የተዘመተበት ልጅ። «የኔን አያት በትክክል ነገርከው» ብለው ሁለቱም ካልፈረሙለት ባጁን አያግኝ። ጎብኚው ፊትም ሲቆም «ይህ ተጽፎ የተገኘ ነው፤ ይህ በቃል የወረደ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚያከራክር ነው» ብሎ እየለየ ይናገር። ቀላል ሥራ አይደለም። ግን ድንጋይ ከማቆም ይረክሳል።

«የተዳፈነ ቁስል አትነካኩ» የሚሉትን ሽማግሌዎች አከብራለሁ። ነገር ግን ለመሆኑ የተዳፈነው የት ነው? በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት በአርሲ ከተሞች ሰው ሞተ፣ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ። ለዚያ ጥፋት ተጠያቂው ያጠፋው ሰው ነው፤ ታሪክ ሰበብ አይሆነውም። ሆኖም ጎረቤቱን በመቶ ሠላሳ ዓመት ዕዳ የሚጠይቅ ወጣት ያንን ዕዳ ከየት ቆጠረው? ከሜዳው አይደለም። ከሽማግሌም አይደለም። ከፌስቡክና ከፖለቲከኛ አፍ ነው። ወዲህ ደግሞ «ምንም አልተደረገም» ተብሎ ያደገ ሌላ ወጣት አለ፤ የአዙሌን ሙታን ሲነግሩት ስድብ የሚመስለው። እነዚህን ሁለት ልጆች አንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን አቁሞ አንድ ሰው የሚያናግራቸው መቼ ነው? በሐውልቱ ምረቃ ጊዜ አልሆነም። በሐውልቱ ተቃውሞ ጊዜም አልሆነም።

መንግሥት እስኪያቋቁመው የምንጠብቅ ከሆነ ኮሚቴ ይቋቋምና ኮሚቴው ሐውልት ያሠራልናል። ስለዚህ ማኅበሩን የታሪክ መምህራን፣ ጡረታ የወጡ መኮንኖች፣ አስጎብኚዎችና የየአካባቢው ሽማግሌዎች ራሳቸው ይጀምሩት። አሰላ ላይ አርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የታሪክ መምህራኑ ከደጃቸው እስከ ሄጦሳ ያለው መንገድ አይከብዳቸውም። የስብሰባ ቀንም አናጣም፤ ዘመን መቁጠሪያችን በጦርነት የተሞላ ነው። በገና ሰሞን ጨለንቆ፣ የሐረሩ አሚር አብዱላሂ በ1879 ዓ.ም. የተሸነፉበት። የካቲት 23 ዓድዋ። መጋቢት 22 ማይጨው፣ በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የተፈታበት። ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ራሱ ከሞጆ አካባቢ ሲያልፍ በ1521 ዓ.ም. ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ የተጋጠሙበትን የሽምብራ ኩሬን ምድር ይዞ ነው የሚያልፈው፤ ስንቱ መንገደኛ እንቅልፉን ተኝቶበት አልፏል!

የመጀመሪያው መገናኛ ግን አዙሌ ይሁን፣ በጳጉሜን፣ ያው በዝናቡ። በበጋ እንሂድ የሚል ይኖራል፤ እሺ አትበሉት። ንግግር አድራጊ አይጠራ፣ ሪባን አይቆረጥ፣ ባነር አይሰቀል። ከአካባቢው ሁለት ሽማግሌ፣ ከሸዋ በኩል ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ካርታ የሚያነብ መኮንን፣ ዜና መዋዕሉን በእጁ የያዘ አንድ መምህር ይበቃሉ። የሚመጣ ሰው ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ይያዝ።