ጉበት የሚሰባው በጮማ ብቻ አይደለም



ባለፈው ወር ከአባሎቻችን አንዱ ለሌላ ሕመም ሐኪም ዘንድ ሄደው በአልትራሳውንድ ሲታዩ ጉበታቸው ስብ መያዙ ተነገራቸው። ሰውዬው ቀጭን ናቸው። መጠጥ አይቀምሱም፤ ሥጋም የሚያገኙት በዓመት በዓል ነው። «ታዲያ ስቡ ከየት መጣ?» ሲሉን መልስ አጣን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ።

ጉበት ከሚያስፈልገው በላይ ስኳር ሲመጣበት ትርፉን ወደ ስብ ይለውጠዋል። አባላችን ቁርሳቸው ዳቦ በሻይ፣ ምሳቸው ዳቦ በለስላሳ ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ይኸውም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ሻዩ ላይ ይህን ያህል የሚጨምር ሰው ብናይ እኮ እንጮህበት ነበር!

በልጆች ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ጡት ጥሎ ሻይና ቀጭን አጥሚት ብቻ የሚሰጠው ሕፃን እግሩና ፊቱ ያብጣል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፤ ሐኪሞች ክዋሽዮርኮር ይሉታል። የዚህም ልጅ ጉበት በስብ ይሞላል። ምክንያቱም ስቡን ከጉበት የሚያወጣው ነገር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። እብጠቱን አይታ «ወፈረልኝ» የምትል እናት አትጠፋም። እኛ ያደግንበት ፋፋ ውስጥ ሽምብራና አኩሪ አተር የገባው ያለ ነገር አልነበረም።

ችግሩ፣ ስብ የያዘ ጉበት ብዙ ጊዜ አያምም። ዓይን ቢጫ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ሊያገኘው ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይመለሳል። ወፍራም የሆነ ሰው ከክብደቱ ከመቶ 7 እስከ 10 እጅ ቢቀንስ ስቡ ይቀልለታል። ቀጭኑም ለስላሳውን ትቶ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ከተገኘም እንቁላሉን ይብላ፤ በእግሩም ይሂድ። «ጉበት ያጥባል» እየተባለ የሚሸጠውን ቅጠል ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትጠጡ፤ ጉበት የሚጎዳም አለበት።

ጥፋቱ የአባላችን ብቻ አይደለም። በየወሩ ስብሰባ ሁለት ሣጥን ለስላሳ በማኅበሩ ገንዘብ ስናዝዝ የኖርነው እኛው ነን። ስለሆነም ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ የሚቀርበው ቆሎና ውሃ ይሆናል። ቅሬታ ያለው አባል ከስብሰባው በፊት ለጽሕፈት ቤቱ ያመልክት።