አሻንጉሊቷና የበሩ ፈታሽ

ለዚህ ወር ጨዋታችን ይዘን የቀረብነው ባለፈው ክረምት፣ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ በአንድ የገበያ ሕንጻ በር ላይ የደረሰብንን፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኛው በሰው ላይ ያደረስነውን ነገር ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ አንዲት አሻንጉሊት፣ አንዲት ልጅና አንዲት የበር ፈታሽ። ቤት ገብተን ስናስበው ግን እንቅልፍ ነሳን።

የእህታችን ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ለእረፍት ስትመጣ ከሻንጣዋ ሌላ በስፖንጅ የተደለደለ ረዘም ያለ ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ ነበር። በውስጡ አሻንጉሊት አለች። አሻንጉሊት ስንል እህቶቻችን በልጅነታችን ከጨርቅ ቁራጭ ጠቅልለው፣ በክር አስረው፣ በከሰል ዓይን ሥለውላት የሚያዝሏት ዓይነት እንዳትመስላችሁ። ቁመቷ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዓይኖቿ የብርጭቆ ናቸው፤ ጣቶቿ ጥፍር አላቸው፤ ጉልበቷና ክርኗ እንደ ሰው ይታጠፋል። ልጅቷ በእረፍቷ ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ገዝታ፣ ልብሷን በገዛ እጇ ሰፍታላታለች።

አንድ ቀን ዙሁርን ሰግደን ልጅቷን ከተማ ልናሳያት ወጣን። እርሷም ከአንድ ረጅም ሕንጻ ላይ ሆና፣ አዲስ አበባን ከጀርባዋ አድርጋ አሻንጉሊቷን ፎቶ ልታነሳት ፈለገች። በር ላይ እንደተለመደው ፍተሻ አለ፤ ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ትፈትሻለች። ፈታሿ የቦርሳውን ዚፕ ሳብ ስታደርገው የሰው የሚመስል ፊት ከውስጥ ትኩር ብሎ አያት። «ዑውይ!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሰልፉ ቆመ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ሕፃን ነው እንዴ?» አለ። ሌላው «የጥንቆላ ዕቃ ነው» አለ። ፈታሿ ከድንጋጤዋ መለስ ስትል እጇን ሰዳ አሻንጉሊቷን በፀጉሯ ልታወጣት ብትሞክር፣ ልጃችን «አትንኪያት!» ብላ ጮኸችባት። በቃ ነገር ተበላሸ።

እኛስ ምን አደረግን? መምህር ነንና ድምፅ ማሰማቱ አላቃተንም። «ኃላፊሽን ጥሪ!» አልን። ኃላፊው መጣ። እኛ ኮት ለብሰናል፤ ልጅቷ አነጋገሯ የውጭ ነው። ሰውዬው ነገሩን እንኳ ሳያጣራ ፈታሿን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዘለፋት። አንገቷን ደፋች። እኛም «ረትተን» ገባን። ልጃችን ግን አንድም ፎቶ ሳታነሳ፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ተመልሰን ወጣን።

ማታ ከአባቷ ጋር በስልክ ስናወራ የሆነውን ሁሉ ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማንና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን። «ፈታሿስ ምን ሆነች?» አለ። የምንመልሰው አጣን። በዋሽንግተን ዙሪያ እንደሚኖሩት እንደ ብዙ ወገኖቻችን ሁሉ እርሱም የጥበቃ ሠራተኛ ነው። የሚሠራውም በአንድ የገበያ ሕንጻ ውስጥ ነው። «እኔም በር ላይ ነው የምቆመው» አለን።

ቀጥሎም የራሱን አጫወተን። አንድ ቀን ወጣቶች እንዲህ ያሉ አሻንጉሊቶችን ይዘው መጥተው፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ደርድረው፣ የካሜራ ማቆሚያ ተክለው ፎቶ ያነሳሉ። የሕንጻው ባለቤት ያለ ቢሮ ፈቃድ በማቆሚያ ፎቶ ማንሳት ከልክሏል። ሄዶ ነገራቸው። አንደኛው በእንግሊዝኛ አነጋገሩ ሳቀበት። አንዲት ልጅ ግን «ታዲያ የት ብናነሳ ይፈቀድልናል?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም ውጭ ድረስ ሸኝቷቸው፣ የመንገዱ ዳር የሕዝብ መሆኑን፣ የእርሱ ሥልጣን እዚያ እንደማይደርስ አሳያቸው። «የዚያችን ልጅ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የሳቀብኝንም አልረሳሁትም» አለን።

ለመሆኑ አሻንጉሊትን ይዞ መዞር ከየት የመጣ ነው? ብለን ጠየቅን፤ ልጃችንም አስረዳችን፤ እኛም በበኩላችን አገላብጠን አነበብን። ብላይዝ የምትባለው ትልቅ ጭንቅላት ያላት አሻንጉሊት በአሜሪካ የተሸጠችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ገዢ ስላጣች ብዙም ሳትቆይ ተቋረጠች። ከዓመታት በኋላ ጂና ጋራን የምትባል የኒው ዮርክ ሴት ብላይዝን ይዛ በየሄደችበት ፎቶ ታነሳት ጀመር። ሥዕሎቹ በ2000 በመጽሐፍ ሲወጡ የተረሳችው አሻንጉሊት እንደገና ተፈለገች፤ በ2001 በጃፓን ዳግመኛ መመረት ጀመረች። ያቺ የልጃችን ዓይነት ባለ መገጣጠሚያ አሻንጉሊት ደግሞ ቮልክስ በሚባል የጃፓን ኩባንያ በ1999 ለገበያ ቀርባ ከዚያ ወዲህ የተስፋፋች ናት። የምትሠራው ከሬዚን ነው፤ እጅና እግሯን የሚያያይዘው በውስጧ የሚያልፍ ላስቲክ ነው፤ ፊቷ በእጅ የሚቀባ ነው። ዋጋዋም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ፀሐይ ሲበዛባት ትወይባለች፤ በላብ እጅ ሲነኳት ቀለሟ ይበላሻል። ልጅቷ «አትንኪያት!» ያለችው ለካ ንቀት ይዟት አልነበረም።

ጥበቃዎችስ አሻንጉሊት ሲያዩ የሚጠራጠሩት ለምንድን ነው? ይህንንም አጣራን። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በታይላንድ «መንፈስ አላቸው» እየተባሉ እንደ ልጅ የሚታቀፉ አሻንጉሊቶች በዝተው፣ አንድ አየር መንገድ መቀመጫ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። በዚያው ወር ፖሊስ በቺያንግ ማይ አየር ማረፊያ ከእነዚህ አሻንጉሊቶች በአንዱ ውስጥ የተደበቀ አደንዛዥ እንክብል መያዙን አስታወቀ። በ2017 የጀርመን የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኬይላ የምትባል አሻንጉሊት እንዳትሸጥ አገደ፤ በውስጧ ያለው ማይክሮፎን ሰው ሳያውቅ ወሬ ሊያስተላልፍ ይችላል ብሎ። ስለዚህ ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ያለ ምክንያት የተጠረጠሩም አሉ። በ1999 የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ፈርቢ የሚባለውን ተናጋሪ መጫወቻ «ድምፅ ይቀዳል» ብሎ ከግቢው ከልክሎት ነበር፤ መጫወቻው ግን ድምፅ የሚቀዳበት መሣሪያ እንኳ አልነበረውም። በ2016 ደግሞ በኒው ሃምፕሸር፣ ኪን በምትባል ከተማ፣ አንድ ፖሊስ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሕፃን በሙቀት እየሞተ ነው ብሎ መስኮት ሰበረ። ያወጣው «ሪቦርን» የሚሉትን፣ ሕፃን አስመስለው የሚሠሩትን አሻንጉሊት ነበር። እስቲ ፍረዱ! ያ ፖሊስ ተሳሳተ ወይስ ግዴታውን ተወጣ? እኛ ግዴታውን ተወጣ እንላለን። አሻንጉሊት ስለ ሰበረለት ሰው ያዝን ይሆናል፤ ሕፃን ነው ብሎ ባይሰብርና ሕፃን ሆኖ ቢገኝስ?

አሻንጉሊት ከተነሳ አይቀር «ሥዕልና ምስል ከቤታችን ምን አላቸው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበረ፣ ጓደኞቿም አብረዋት ይጫወቱ እንደነበረ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዳልከለከሏት በሐዲስ ተዘግቧል። ብዙ ዑለማዎች የልጆችን መጫወቻ የለዩት በዚህ ነው። ለጌጥ ስለሚቀመጠውና ስለ አዋቂዎቹ ግን አስተያየታቸው ይለያያል፤ ቤተሰብ ሁሉ የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። የዛሬው ጉዳያችን የበሩ ነገር ነው። በበሩ ነገር ደግሞ የሐሳብ ልዩነት የለም፤ ሥራ ላይ ያለን ሰው ማዋረድ ነውር ነው።

በሳምንቱ ልጅቷን ይዘን ወደዚያው ሕንጻ ተመለስን። ስድቡ በሰው ፊት ነበርና ይቅርታውም በሰው ፊት እንዲሆን ኃላፊውን አስጠርተን፣ ባልደረቦቿ እየሰሙ፣ «ጥፋቱ የኛ ነው፤ እህታችን ሥራዋን ነው የሠራችው» አልን። ፈታሿ መጀመሪያ ሌላ ክስ የመጣባት መስሏት ደንግጣ ነበር። ኋላ ፊቷ ተፈታ። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ቦርሳ በደንብ ሳታይ አሳልፈሻል ተብዬ ደመወዜ ተቆርጧል። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ዕቃ ሁሉ እፈራለሁ» አለችን።

ልጃችንም አሻንጉሊቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ፀጉሯን አንስታ፣ በማግኔት የተያያዘውን የጭንቅላቷን ክዳን ከፍታ አሳየቻት። ፈታሿ ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ፣ ባዶ ነው እኮ!» ብላ ሳቀች፤ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ፈታሿ «ስንት ነው የምትሸጠው?» ብላ ጠየቀች። ልጃችን ዝም አለች። ቁጥሩን ብትናገር የሴትዮዋ የብዙ ወር ደመወዝ እንደሚሆን ገብቷታል። «ውድ ናት» አለችና ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ፈታሿም ነገሩ ገብቷት፣ «እኔም ልጅ አለችኝ። የጨርቅ እሠራላታለሁ፤ እርሷም ትወዳታለች» አለች። ልጃችን ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ያየችውን እንደ ጠላት አላየችም። ኃላፊውን በአግባቡ ጠይቃም ሰው በማይበዛበት ጠዋት ፎቶውን እንድታነሳ ተፈቀደላት።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነውን ለወጣቶቻችንና ለወላጆች በአጭሩ እናካፍል።

አንደኛ፣ ቦርሳህ ከመከፈቱ በፊት ተናገር። «እህቴ፣ ውስጡ አሻንጉሊት ነው፤ ሰው ስለሚመስል እንዳትደነግጪ» ማለት ምንም አያስከፍልም። በተለይ ሕፃን የሚመስለውን በመኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የሚሰበር ዕቃ ከሆነ «እኔው ልክፈትልህ» በል። ፈታሽ የሚፈልገው ውስጡን ማየት ነው፤ በገዛ እጁ ካልሆነ አይልም። አየር ማረፊያ ላይ ደግሞ በአሻንጉሊቷ ውስጥ ያለው የብረት መንጠቆና ማግኔት በመመርመሪያው መስኮት ስለሚታይ፣ ጥያቄ ቢመጣ አትገረም። በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ ባትልካት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ቦታው የማን እንደሆነ እወቅ። የገበያ ሕንጻ ሕዝብ ቢገባበትም ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ከከለከለ ጥበቃው የታዘዘውን ነው የሚነግርህ። በአገራችን ደግሞ ባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወዳለበት ካሜራ ማዞር ጣጣ ያመጣል። «የት ይፈቀዳል?» ብሎ መጠየቅ «ለምን ትከለክለኛለህ?» ከማለት ብዙ በር ይከፍታል።

አራተኛ፣ ጥበቃው ካጠፋም መብትህን በጨዋ አንደበት ጠይቅ። አለቃውን መጥራት ካስፈለገም ገለል ብለህ ንገረው እንጂ በሰልፉ ፊት አታስዘልፈው።

ጥበቃዎቻችሁም ብታነቡን አንድ ቃል አለን። የማታውቁትን ዕቃ መጠርጠር ሥራችሁ ነው፤ ባለቤቱን ግን አትጠርጥሩት፤ ጠይቁት። አሥራ ሰባት ዓመት ያላት ልጅ በሰው መካከል «የጥንቆላ ዕቃ» ሲባልባት ዝም ብላችሁ አትዩ። እርሷም የሰው ልጅ ናት።

የእህታችን ባለቤት በቀደም ደውሎ ነበር። ልጅቷ ከተመለሰች ወዲህ የሌሊት ተራ ሲሆን በፔርሙዝ ሻይ እያፈላች ትሸኘዋለች አሉ። «አባዬ፣ ዛሬ ማንም ሳቀብህ?» ብላ ትጠይቀዋለች።

እስከሚቀጥለው ወር ኢንሻ አላህ ቸር ይግጠመን!