ሳቁን ማን ይጀምረው?

በለቅሶ ቤት ውስጥ የምወደው ሰዓት አለ ብል የሚቀየመኝ አይጠፋም፤ ግን አለኝ። የሦስተኛው ቀን ማታ ነው። የመጀመሪያው ቀን የእድር ጥሩምባ፣ የድንኳን ተከላ፣ ከክፍለ ሀገር በሌሊት የሚገባ ዘመድና ደረት መምታት ነው። በሁለተኛው ቀን ሰው ይዝላል። በሦስተኛው ሰልስቱ ይወጣል፣ ሩቅ ያለው ይሰናበታል፣ ቤተሰቡና የቅርብ ጎረቤቱ ብቻ ፍራሽ ላይ ይቀራል። ያኔ ከጥግ አንዱ ስለ ሟች አንድ ነገር ያነሣል። አንዷ አክስት በነጠላዋ አፏን ትይዛለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ ያለችው ልታባብላት ዞር ስትል ስትስቅ ታገኛታለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል?

ይህን ሳቅ የሚቆጡ ታላላቆች አሉ። «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!» ይላሉ። ለሟች ክብር ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ክፋትም የለበትም። ነገር ግን ሳቅን የቀላል ሰው ሥራ አድርገው ማየታቸው ልክ አይመስለኝም። አለቃ ገብረ ሃናን እናስታውስ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር ስለነበራቸው የቤት ውስጥ ንትርክ የሚወራው ቀልድ እስከ ዛሬ ያስቃል። እሳቸው ግን ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ያፈለቁት የማሕሌት ዝማሜ ደብረ ታቦር ላይ ሥር የሰደደው በልጃቸው በኩል ሲሆን፣ አሁንም «የተክሌ» የሚባለው በልጁ ስም ነው። ቀልዱም ዝማሜውም ከአንድ ቤት ወጡ።

ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። አያቴ ያረፈች ጊዜ በሦስተኛው ማታ ሳቁን የጀመረው፣ ከልጆቿ ሁሉ ይበልጥ የከፋው አጎቴ ነበር። ያነሣውም የስኳሩን ነገር ነው።

በደርግ ዘመን ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ፣ በቤተሰብ ቁጥር፣ በራሽን ነበር። ሰልፉ ገና ሳይነጋ ይያዛል። ቆሞ መጠበቅ ያልቻለ ሰው በቦታው ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ድንጋዩ ባለቤቱን ተክቶ ይሰለፋል። አያቴ የእሷ ድንጋይ እየተገፋ ወደ ኋላ ሲሄድባት ጊዜ ኖራ ቀባችው። ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ነው። በሚቀጥለው ሰልፍ ስትመጣ ድንጋዮቹ በሙሉ ነጭ ሆነው ጠበቋት! እሷ ግን የራሷን ከመካከላቸው ለይታ አወጣች። «የወለድኩትን እንደማላውቅ ነው እንዴ?» አለች ይባላል።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከጊዜ በኋላ አጎቴም ተወሰደ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ በኋላ ቀረ። ስሙ ግን ከቤቱ የራሽን ደብተር ላይ አልተፋቀም። አያቴ የእሱን ድርሻ ስኳር እየተቀበለች በዱቄት ወተት ጣሳ ታስቀምጥለት ጀመር። ጣሳው ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር፤ ማንም አይነካውም። እንግዳ መጥቶ ለቡናው ስኳር ቢጠፋ ጨው ታቀርባለች እንጂ ያንን ጣሳ አትከፍትም። «የእሱ ነው፤ ሲመጣ ይጠጣበታል» ትላለች። ይሙት ይኑር የነገራት አልነበረም።

በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን አጎቴ ከረን አካባቢ ነበር። ከብዙ ሺህ ወታደሮች ጋር በእግሩ ወደ ሱዳኗ ከሰላ ተሻገረ። ከዚያ እንዴት እንደተመለሰ አሁንም ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን አልሰማንም። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ በሩ ላይ የቆመውን ፂማም ሰው ፈርቼ መሮጤ ትዝ ይለኛል። አያቴ አልጮኸችም፣ እልልም አላለችም። ወንበር ሳበች፣ ወጣችበት፣ ጣሳውን አወረደች።

ስኳሩ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ጣሳውን ቀድደው ሲያወጡት የጣሳውን ቅርጽ ይዞ ቁጭ አለ። ቢላ አልበገረውም። አያቴ ሙቀጫና ዘነዘና አምጥታ በዚያው ሌሊት ትወቅጠው ጀመር። ጎረቤት በሌሊት ምን ሆኑ ብሎ ተነሥቶ መጣ። በለቅሶው ማታ አጎቴ ይህን ሲተርክ እንዲህ አለ፦ «ከተኩስ አመለጥኩ ብዬ ቤቴ ገብቼ ልተኛ ስል፣ እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ከራስጌዬ ስትተኩስ አደረች!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴም ሳቀ፣ ሳቁ ሳያልቅም አለቀሰ። ዝም በል ያለው የለም።

ያ ሳቅ ለእኔ የቤታችን ትልቁ ምስጋና ነው። አጎቴ «እናቴ በጣም ትወደኝ ነበር» ብሎ ቢያልፍ ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀን እንረሳው ነበር፤ ማን እናት ልጇን አትወድም? እሱ ግን ጣሳውን፣ ጨው የገባበትን ቡና፣ የዘነዘናውን ድምፅ ነገረን። የተጠበቀበትን ዓመት በሙሉ ሰጠን። በየቤታችን ተመስገን ማለት እንወዳለን፤ ማለታችንም ደግ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ከየትኛው መከራ ወጥተን እንደምናመሰግን ሳንናገር እንቸኩላለን። የቤተሰብ ሳቅ አያስቸኩልም። አንድ ክፉ ዓመት የሚያስቅ እንዲሆን ከዝርዝሩ ጋር መነገር አለበት፤ ዝርዝሩ ሲነገር ደግሞ ልጆች ማን ምን እንደከፈለላቸው ይሰማሉ። በዚያ ማታ የአጎቴ ልጅ፣ በስልኩ የሚኖር ጎረምሳ፣ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ያንን ሳቅ የጀመረው አጎቴ ራሱ ነው። አባቴ ታሪኩን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ወንድሙ በሌሊት እየባነነ በሚጮህባቸው ዓመታት አንድም ቀን አላነሣውም። ልጆች የስኳሩን ነገር ቢጠይቁት እንኳ «ባለቤቱ ሲፈልግ ይነግራችኋል» ይል ነበር። አባቴን በዚህ አደንቀዋለሁ። ቁስሉ የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ይህን የማያውቁ ቤቶች ብዙ ናቸው። ፍራሹን ያረጠበ ሕፃን ለእንግዳ መሳቂያ ይሆናል። አዲስ ያገባች ምራት ዶሮውን 12 ብልት አድርጋ ማውጣት ቢያቅታት ወሬው እስከ ክርስትና ይከተላታል። የባሰው የፈተናው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት በዚያ ዓመት ልጅ ካስፈተኑት ቤቶች መካከል ልጅ ያልወደቀበትን ማግኘት ይከብድ ነበር ማለት ነው። ሆኖም በበዓል ገበታ ዙሪያ «እሺ ዶክተር፣ ውኃ አምጣልን» የሚሉ አጎቶች አልጠፉም። ልጁ ፈገግ ይላል፣ ሌላ ምን ያድርግ? ውኃውን ያመጣል፣ ከዚያም ክፍሉ ገብቶ ይቀራል። ያ የቤተሰብ ሳቅ አይደለም። ወጣቱ ከዓመታት በኋላ ሥራ ይዞ ወይም በድጋሚ ተፈትኖ አልፎ ራሱ ሲያነሣው፣ ያን ጊዜ አብረን እንስቃለን። እስከዚያ አፋችንን እንሰብስብ።

ኑሮው ራሱ ሳቅ የሚያስነሣ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ዘይቱም መድኃኒቱም ተከትሎ ሄደ። ደመወዝ ወሩን ባላጋመሰበት ቤት ገብቶ «ሳቁ፣ ይቀልላችኋል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሳቅ በትእዛዝ አይመጣም። ሲመጣም ዕዳ አይከፍልም።

ይህንንም በወንድሞቼ አይቻለሁ። ሁለቱ በገንዘብ ተጣልተው ወራት ሙሉ አይነጋገሩም ነበር። ሰላምታ እንኳ በእናቴ በኩል ነበር የሚተላለፈው። በአንድ የገና ዋዜማ በግ ተገዛ። እናቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለእርድ የተሠራው የጋራ ሕንፃ ተቆልፏል፣ መሽቷል፣ መብራት ጠፍቷል፤ በጉ ውጭ ቢያድር ደግሞ ሌባ ያስፈራል። በረንዳ ላይ ይደር ተባለ። በጉ እስከ ሁለተኛ ፎቅ በሰላም ወጣ። ከዚያ ደረጃው መሐል ላይ ተቀመጠና አልነሣም አለ። ቢጎትቱት፣ ቢገፉት፣ ጎመን ቢያሳዩት ወይ ፍንክች!

ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ አንዱ ወንድሜ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይዘው አነሡት። በግ ተሸክሞ ጠባብ ደረጃ የሚዞር ሰው ደግሞ ሳይነጋገር አይሆንለትም። «ቆይ!» «ወደ ቀኝ!» «ቀንዱን ያዘው እንጂ!» ከስንት ጊዜ በኋላ የተለዋወጡት ቃል ይህ ነው። ጎረቤት በር እየከፈተ የስልክ መብራት አበራላቸው፤ ሁሉም መመሪያ ይሰጣል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ ብላ በጣም አዝና «ጋሼ፣ በጉን አሞት ነው?» አለች። ትልቁ ወንድሜ «አዎ የኔ ልጅ፣ ሐኪም ቤት እየወሰድነው ነው» ብሎ ሳይጨርስ ትንሹ ከታች በሳቅ ጉልበቱ ከዳው። በጉን አስቀመጡት። ደረጃው ላይ ከበጉ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እናቴ ከላይ ሆና በጉ ያመለጠ መስሏት ትጣራለች።

ጠቡ በዚያ አላለቀም። በኋላ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ሒሳብ ተተሳስቧል፣ ወረቀት ተፈርሟል። አንዱ አሁንም ተበድያለሁ ባይ ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ፊት የተቀመጡት በደረጃው ላይ አብረው ከሳቁ በኋላ በመሆኑ፣ አንዱ ሌላውን ሲያስረዳ «ወንድሜ» እያለ ነበር። እኔ ለዚያ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ በላይም አልጠየቅሁም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልለፍ፤ ስለ ምስጋና ነው። እግዚአብሔርን ማመስገን ማንም አያስተምረንም። የሚያቅተን አጠገባችን ያለውን ሰው ማመስገን ነው። ሌሊት ሽንኩርት ስትከትፍ ያደረችውን «እጅሽ ይባረክ» ብለን ወደሚቀጥለው ጉርሻ እንሄዳለን። በተለይ ርቀው የሚሠሩትን እንበድላቸዋለን። እህቴ ዱባይ በሰው ቤት ትሠራለች። እንደ እሷ በየዓረብ አገሩ ያሉ እህቶቻችን የስንቱን ቤት ኪራይ፣ የስንቱን ልጅ ትምህርት፣ የስንቱን ሽማግሌ ሕክምና እንደሚከፍሉ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ሲደውሉ ግን የምንነግራቸው የጎደለውን ነው። የደረሰው ገንዘብ «ደርሷል» ይባላል፤ በቃ።

በበዓል ቀን እህቴ አሠሪዎቿ ሲተኙ በቪዲዮ ትደውላለች። እናቴ ስልኩን ከመሶቡ አጠገብ ብርጭቆ አስደግፋ ታቆመዋለች። ከዚያ እንጀራውን በወጥ አጥቅሳ፣ እንቁላሉን ጨምራ፣ ጠቅልላ ወደ ስልኩ ትዘረጋለች። «እንኪ፣ አፍሽን ክፈቺ!» እህቴም አፏን ትከፍታለች። የስልኩ መስተዋት ወጥ በወጥ ይሆናል። ልጆቹ ይንከባለላሉ። እህቴም ትስቃለች፤ ፊቷን ዞር የምታደርግበት ጊዜም አለ፣ ያኔ ማንም ምን ሆንሽ አይላትም።

ባለፈው ፋሲካ ከጉርሻው በኋላ እናቴ እጇን ታጥባ ስልኩ ፊት ተስተካክላ ተቀመጠች። አስባበት እንደነበር ያስታውቃል። «ልጄ፣ የአባትሽን መድኃኒት የምትገዢው አንቺ ነሽ። የታናሽሽን የኮሌጅ ክፍያ የጨረስሽው አንቺ ነሽ። ይህ ዶሮም ያንቺ ነው። እኔ ለጎረቤቱ ሁሉ እናገራለሁ፣ ላንቺ ግን ነግሬሽ አላውቅም» አለቻት።

እህቴ ዝም አለች። ከዚያ በድንጋጤ «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ? ምን ደበቃችሁኝ?» ብላ ጮኸች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አባቴ ደኅና መሆናችንን ምሎ አሳመናት። ስትረጋጋ እንባዋን ጠራርጋ «እስቲ ድገሚልኝ፣ ድምፁ ተቆራርጦብኛል» አለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው። እናቴም ስልኩን ጠጋ አድርጋ፣ ታችኛው ፎቅ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ ከመድኃኒቱ ጀምራ ደገመችላት።