«እከሌ ድኗል» ማስረጃ አይደለም

ከከሚሴ እስከ ባቲ የማይጠፋ ሙግት አለ፤ «እከሌ ጠጥቶት ድኗል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» የሚል። ብዙ ያስፈልጋል! ጠጥቶ የዳነው ገበያ ወጥቶ ይመሰክራል፤ ጠጥቶ የሞተው ግን ከመቃብር ተነሥቶ አይመሰክርም። ሳይጠጣ የዳነውንስ ማን ቆጠረው? ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ የበረደለት ሰው የሚያመሰግነው መጨረሻ የቀመሰውን ነገር ነው።

ሙግቱ የባህል ሐኪሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። «ሁልጊዜ የምንሠራው እንዲህ ነው» የሚለው ነጭ ጋወን ለባሽም ከዚሁ ማኅበር ነው።

ምሳሌው ከክልላችን አይርቅም። ትራኮማ የዐይን ቆብን ወደ ውስጥ አዙሮ ሽፋሽፍቱ ብሌን ሲቧጭር፣ ያገራችን ሰው በወረንጦ ይነቅላል፤ ሐኪም በቀዶ ጥገና ያቃናል። ቀዶ ጥገናው ግን ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ቆቡን ከቆዳው ጀምሮ ዘልቆ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ቆዳውን ሳይነካ ከውስጥ በኩል ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም ይመክር ነበር። የትኛው ይሻላል? ሁሉም የለመደውን ያወድስ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል 1,000 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ደለደሉ። ነገሩ እንደ እቁብ ዕጣ ነው፤ ሐኪሙ ቀላል ቀላሉን ሕመምተኛ መርጦ ወደሚወደው ወገን እንዳያዳላ። በኋላ ዐይናቸውን የመረመረው ሰውም ማን በየትኛው እንደተሠራ አልተነገረውም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉሩ ተመልሶ የዞረባቸው በመጀመሪያው ዘዴ ከ100 ሰው 22 ያህል፣ በሁለተኛው 13 ያህል ሆነው ተገኙ።

በመካከል ያሉትን ዘጠኝ ሰዎች አስቧቸው! የሚጎዳቸው የማንም ክፋት አልነበረም፤ ያልተመዘነ ልማድ እንጂ። የባህል መድኃኒቱም በእርግጥ የሚፈውስ ከሆነ ከዚህ ሚዛን የሚሸሽበት ምክንያት የለም።

«እኛ የመሞከሪያ እንስሳ አይደለንም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህም ፈቃድ ይጠየቃል፤ አፏን በአፋን ኦሮሞ ለፈታች የከሚሴ እናት በቋንቋዋ ያልተብራራ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይደለም። ውጤቱም ተመልሶ ሊነገራት ይገባል። ግን ልብ እንበል፤ ሳይመዘን የሚሰጥ መድኃኒትም ሙከራ ነው። ልዩነቱ መዝገብ የሚይዝለት አለመኖሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወገኔ፣ ጠርሙስ ቢያቀርቡልህም ምላጭ፣ አስቀድመህ «ከምን ጋር ተመዝኖ?» በል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።