ገነት በቀን ሂሳብ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቡናው እስኪፈላ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበርና ሁላችንም ዓይናችንን እሱ ላይ ጣልን። የሚታየው ባሕር ነው። ከወዲያ ሁለት መንትያ ቋጥኞች ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከወዲህ ወርቃማ አሸዋ ተነጥፏል። በመካከሉ አንድ ወጣት በሳንቃ ላይ ቆሞ ቤት የሚያህል ማዕበል ይጋልባል። ማዕበሉ ከላይ ተጠቅልሎ ዋጠው፤ ጠፋ ስንል ጥቂት ቆይቶ እንደ ዮናስ ተተፍቶ ወጣ። ተራኪውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቦታው የሰው እጅ ያልነካው ገነት እንደሆነ፣ በዚያ ያሉትም ማዕበልና ሰው ብቻ መሆናቸውን ነገረን።

"ወይ ገነት!" አለ ቤቱ ሁሉ። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ለመሆኑ ማዕበልና ሰው ብቻ ካሉ ካሜራውን የያዘው ማነው? ለዚያ ወጣት ምሳውን ያበሰለችለት ማናት? የሚጠጣው ውሃስ ከየት መጣለት? ስለ ቦታው ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። ያነበብኩት ካየሁት ጋር አልገጥም ስላለኝ ብዕሬን አነሳሁ።

ቦታው ፈርናንዶ ዴ ኖሮኛ ይባላል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ያለ የብራዚል ግዛት ነው፤ ከናታል ከተማ 360 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሬሲፌ ደግሞ 545 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። 21 ደሴቶችና ቋጥኞች ተደምረው ስፋታቸው 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሰው የሚኖረው በዋናው ደሴት ላይ ብቻ ሲሆን ቁጥሩም 3 ሺህ ያህል ነው። በፊልሙ ያየነው የባሕር ዳር ካሲምባ ዶ ፓድሬ ይሰኛል። ትርጉሙ "የቄሱ የውሃ ጉድጓድ" ማለት ነው። እንግዲህ የሰው እጅ ያልነካው የተባለው ቦታ ገና ከስሙ ቄስም፣ የውሃ ጉድጓድም፣ ቆፋሪም ነበረው ማለት ነው።

አንባቢ እንዲረዳኝ የምፈልገው ነገር አለ። ከማዕበል ጋላቢዎቹ ጋር ጠብ የለኝም። እኔ ዋና አልችልም፤ ሐይቅ ዳር ቆሜ እንኳ ጉልበቴ ይርዳል። ሆኖም ያ ወጣት የሚያደርገው ነገር ተራ ጨዋታ አለመሆኑን ለማወቅ ዋናተኛ መሆን አያስፈልግም። ያ ማዕበል የተወለደው ፈረንጅ ክረምት በሚለው ወራት፣ በሰሜን አትላንቲክ ዐውሎ ነፋስ፣ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ኖሮኛ ከ4 ሺህ ሜትር ገደማ ጥልቀት የተነሳ የእሳተ ገሞራ ተራራ ጫፍ ስለሆነች፣ ማዕበሉን በመንገዱ ላይ የሚያደክመው ሰፊ ጥልቀት የሌለው ባሕር የለም፤ ጉልበቱን እንደያዘ ይደርሳል። ውሃው ከማዕበሉ ቁመት ጥቂት ብቻ እስኪበልጥ ድረስ ሲሳሳ፣ ታችኛው ክፍል በአሸዋው ተይዞ ይዘገያል፤ ላይኛው ይቀድመውና ይደረመሳል። ከሥር ያለው ዐለት ሳይሆን አሸዋ ነውና፣ አንዱ ማዕበል ያሰናዳውን ወለል ሌላው ያፈርሰዋል። ዛሬ እዚህ የተሰበረ ነገ ወዲያ ይሰበራል። በዚህ የባሕር ዳር ጥሩው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሲሆን በሌላው ወራት ያው ባሕር እንደ ሐይቅ ተኝቶ ይውላል። ስለዚህ የጋላቢው ዋና ሙያ መጠበቅ ነው። ይህችን "መጠበቅ" የምትባል ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ተራኪው ወደዘለለው ታሪክ እንግባ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1737 ደሴቲቱን በምሽግ አጥረው ያዟት። ከዚያም ወዲህ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ኖሮኛ የምትታወቀው በእስር ቤትነቷ ነበር። ከዋናው ምድር የተጋዘ ወንጀለኛም፣ መንግሥት ያልወደደው ሰውም ወደዚያ ይላክ ነበር። እስረኞች ታንኳ እንዳይሠሩበትና እንዳይሸሸጉበት ሲባል ዛፉ እንደተጨፈጨፈ ይነገራል። ቻርለስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲጓዝ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1832 በደሴቲቱ ባረፈ ጊዜ ያየው በደን የተሸፈነ ምድር ነበር፤ ዛሬ የሚታየው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ የበቀለ ቁጥቋጦ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደሴቲቱ የጦር ሠፈር ሆነች፤ የአሜሪካ ወታደርም ሠፈረባት። እ.ኤ.አ. በ1964 የብራዚል ጦር መንግሥት ሲገለብጥ፣ የፔርናምቡኮ ግዛት አስተዳዳሪ የነበረው ሚጌል አራዬስ ተይዞ የታሰረው በዚህችው ደሴት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ዛሬ ወጣቱ የሚጋልበው ማዕበል ትናንት የእስር ቤቱ አጥር ነበር። ለጠባቂዎቹ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ሌሊት የማይተኛ አጥር! ያንን ማዕበል እያየ ልጁን የሚያስብ ሰው በዚያ አሸዋ ላይ ቆሟል። ይህን ሁሉ ጠርጎ ጥሎ "የሰው እጅ ያልነካው" ማለት ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ሙታንን ሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነው። እኛ ደግሞ ይህን ዓይነት ቋንቋ በደንብ እናውቀዋለን። የግሽ ሰው ውሃውን ሲጠጣውና ሲጠመቅበት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ ደረሰበትና የዓባይ ምንጭ "ተገኘ" ተባለ።

ታሪኩ አለፈ እንበል። የዛሬውስ? እ.ኤ.አ. በ1988 አብዛኛው የደሴቲቱ ክፍልና ዙሪያዋ ያለው ባሕር ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2001 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። ይህ መልካም ነው፤ ዔሊው እንቁላሉን የሚጥልበት አሸዋ፣ ዶልፊኑ የሚያርፍበት ወሽመጥ መጠበቅ አለበት። የመጠጥ ውሃ እንኳ የባሕሩን ጨው በማጣራት ጭምር የሚገኝባት ትንሽ ደሴት ሰው ሁሉ ቢጎርፍባት አትችልም። የጎብኚው ቁጥር ይወሰን የሚለውን እኔም እፈርማለሁ።

ጥያቄው "ይወሰን ወይስ አይወሰን?" አይደለም፤ "በምን ይወሰን?" ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 በወጣ የግዛቱ ሕግ መሠረት ጎብኚ በደሴቲቱ ለሚቆይበት ለእያንዳንዱ ቀን የአካባቢ ጥበቃ ግብር ይከፍላል። ቆይታው ሲረዝም ሂሳቡም እየከበደ ይሄዳል። የደሴቲቱ ነዋሪ ከዚህ ነፃ ነው። ወደ ፓርኩ መግቢያ ደግሞ ሌላ ቲኬት አለ። የአውሮፕላኑን ዋጋ፣ ከዋናው ምድር ተጭኖ የሚመጣውን የእህሉንና የማደሪያውን ዋጋ ጨምሩበት።

ቅድም "መጠበቅ" ያልኳችሁ እዚህ ጋ ትመጣለች። ማዕበል በቀጠሮ አይመጣም። የሰሜኑ ዐውሎ እስኪነሳ፣ አሸዋው እስኪስተካከል፣ ነፋሱ እስኪዞር ጋላቢው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት። አምስት ቀን ሊጠብቅ ይችላል፤ አሥራ አምስትም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መጠበቅ በቀን የሚሸጥበት፣ በቆየ ቁጥርም የሚወደድበት ቦታ ላይ ማዕበሉን የሚያገኘው ማነው? ችሎታ ያለው ነውን? ትዕግሥት ያለው ነውን? አይደለም፤ የመጠበቂያ ገንዘብ ያለው ነው። ከሬሲፌ ወይም ከናታል ድሃ ሠፈር የተነሳ ልጅ ለዚህች ደሴት ከፓሪስ መንገደኛ ይልቅ ቅርብ ነው፤ ግን እሷ ለእሱ ላም አለኝ በሰማይ ናት፣ ወተቷንም አያይ።

"ታዲያ ምን ይጠበስ?" የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። "ድሃ ዳቦ እንጂ ማዕበል ምን ያደርግለታል? ይህ የቅንጦት ጨዋታ አይደለም ወይ?" ይለኛል። ይህ ሙግት ከባድ ይመስላል፤ ለድሃ የሚያስፈልገውን የሚቆጥሩለት ግን ሁልጊዜ ጠግበው ያደሩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ደግሞስ ጨዋታው የቅንጦት ነው ያለው ማነው? በጥንቷ ሃዋይ ባላባቱም ተራው ሰውም ማዕበል ይጋልብ ነበር። ሰርፊንግን ለዓለም ካስተዋወቁት ግንባር ቀደም የሆነው ዱክ ካሃናሞኩ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በዋና ወርቅ ያገኘው፣ የዋይኪኪ ባሕር ዳር ልጅ ነበር።

ከዚያ ሩቅ ምን አስኬደን? ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው በቶኪዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በጹሪጋሳኪ አሸዋማ ባሕር ዳር። በወንዶች ወርቁን የወሰደው ኢታሎ ፌሬይራ የሚባል ብራዚላዊ ነው። የትውልድ ቦታው ባያ ፎርሞሳ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ስትሆን፣ የምትገኘውም ዋና ከተማው ናታል በሆነው ግዛት ውስጥ ነው። አባቱ ዓሣ ነጋዴ ነበር። ልጁ ማዕበል መጋለብ የጀመረው ሳንቃ ገዝቶ አይደለም፤ አባቱ ዓሣ ይዞበት በሚዞረው የበረዶ ሣጥን የፎም ክዳን ላይ ነው። በዚያ ክዳን የጀመረው ልጅ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አነሳ። ኢታሎ የመንደሩ ባሕር ዳር በነፃ ክፍት ስለነበረለት ተማረ። በመንደሩ አሸዋ ላይ የቀን ሂሳብ የሚቀበል ሰው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን እናውቀው ነበር ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ነገሩ የብራዚል ብቻ አይደለምና። በፊጂ ታቫሩዋ የምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ ክላውድብሬክ የሚሰኝ፣ በዐለት ላይ የሚሰበር ዝነኛ ማዕበል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በደሴቲቱ የተሠራው መዝናኛ ከባሕሩ ባለመብት ጎሣዎች ጋር ተዋውሎ ማዕበሉን ለእንግዶቹ ብቻ አደረገው። ማዕበልን እንደ አልጋ ማከራየት ማለት ነው። በ2010 መንግሥት በዐዋጅ ያንን ብቸኛ መብት ሽሮ ማዕበሉን ለሁሉም ከፈተ። የዓለም ጋላቢ ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን ግማሽ እልልታዬን አስቀርቼዋለሁ፤ በዚያ ባሕር ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት ጎሣዎች ድርሻ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በዐዋጁ አልተዘጋም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥሩን የሠራው ነጋዴም፣ አጥሩን ያፈረሰው መንግሥትም ባለቤቱን አስቀድመው ሊጠይቁት ይገባ ነበር።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? ከሰማይ አላወርድም፤ ከሠፈሬ ነው የማመጣው። ዕቁብ የሚጥል ሰው ያውቀዋል፤ ለሁሉ በአንዴ የማይበቃ ነገር በተራና በዕጣ ይዳረሳል። የጎብኚው ቁጥር እንደተወሰነ ይቆይ፤ ዔሊውም አሸዋውም ይጠበቅ። ነገር ግን ከቦታው የተወሰነው ክፍል በዕጣ ይሰጥ፤ ከዕጣውም ድርሻ ፊት ለፊት ባለው የብራዚል ባሕር ዳር ለሚኖሩ ልጆች ይለይ። ክፍያው ለሁሉ እኩል ከሚሆን እንደ አቅም ይሁን። "የጥበቃውንና የቆሻሻ ማንሻውን ወጪ ማን ይሸፍናል?" ለሚለኝ፣ ዛሬ ሙሉውን ሳይሰማው የሚከፍለው ሀብታም ነገ ትንሽ ጨምሮ ቢከፍል አይሞትም እላለሁ። ለዔሊዋ የሚከብዳት የሚረግጣት እግር ብዛት ነው፤ የባለ እግሩ ኪስ ወፍራም ይሁን ቀጭን ለእሷ ምንዋም አይደለም። ዋጋ ቁጥርን ሊቀንስ ይችላል፤ ግን የሚቀንሰው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ያንን "የተፈጥሮ ጥበቃ" ብቻ ብሎ መጥራት የነገሩን ግማሽ መደበቅ ነው።

"ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን?" ለሚለኝ ወዳጄም መልስ አለኝ። ባሕር ባይኖረን ቃል አለን። የጉዞ ጽሑፍ እንጽፋለን፤ እንተረጉማለን። የአስጎብኚ ድርጅት ወረቀት ላይ ያገኘነውን "ገነት"፣ "ድንግል ምድር"፣ "ያልተነካ" የሚል ቃል ሳናኝክ ወደ ገጻችን እናወርዳለን። ከዚያም ስለ ገዛ ተራራችንና ሐይቃችን ስንጽፍ በዚያው ቃል እንጽፋለን፤ እረኛው፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ ውሃ የምትቀዳው ልጅ ከሥዕሉ ይወጣሉ። ከሥዕል የወጣ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ከመሬቱም መውጣቱ አይቀርም።

ስለዚህ ለብዕር ጓደኞቼ አንድ ልመና አለኝ። አንድን ቦታ ገነት ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ ጻፉ፤ አልከለክልም። ግን ከዚያው ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ በሩ ላይ በቀን ስንት እንደሚከፈልና መክፈል ያቃተው ሰው የት እንደቆመ ጨምራችሁ ጻፉ።