«ማይ ኔም ኢዝ» ቀላል ነው ያለው ማነው?

«ጉድ ሞርኒንግ ስቱደንትስ!» ይላሉ መምህሩ። ተማሪው ሁሉ ብድግ ይልና ድምፁን እየጎተተ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» ብሎ ይመልሳል። «ሃው አር ዩ?» ሲባል «ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር!» ይከተላል። ከዚያ «ሲት ዳውን»። ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሮ ይህን ዜማ የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስለወሰነ፣ ሕፃኑ ፊደሉን ቆጥሮ ሳይጨርስ «ሞርኒንግ»ን ይዘምራል።

ያው ልጅ አድጎ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ አንድ የውጭ እንግዳ ፊት ሲቆም ራሱን ማስተዋወቅ ያቅተዋል። ሰበቡ አንዴ በተማሪው ስንፍና፣ አንዴ በመምህሩ ድክመት ይላከካል። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ግን ጥርጣሬው ሌላ ነው። ትውውቅ የመማሪያ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ቀላል ነው ተብሎ ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ዳገቱ ያለው እዚያው ነው።

ከስም እንጀምር። የእንግሊዝኛው ቅጽ «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ይላል። ሁለተኛው አያት፣ አባትና ልጅ የሚጋሩት የቤተሰብ መጠሪያ ነው። ሐበሻ እንዲህ ያለ ስም የለውም፤ ያለው የራሱና የአባቱ ስም፣ ካስፈለገም የአያቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. መገባደጃ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ሯጭ በውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ» ይባላል። የሮጠው ግን አበበ እንጂ አባቱ አይደሉም። ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤም በስፖርት ዘጋቢዎች አፍ ሦስቱም «ዲባባ» ናቸው። ፈረንጁ እህትማማች መሆናቸውን ይገምታል፤ ለዚያች አንድ ጊዜ ግምቱ ሰመረለት። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አባቶቻቸው ከበደ ስለተባሉ ብቻ ዘመድ ሲያደርጋቸው ግን ምን ይባላል? በአንጻሩ ሚስት በባሏ ስም ስለማትጠራ፣ እናት ልጇን ይዛ ስትጓዝ የሁለቱ ስም አለመመሳሰል ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ያመለጠ አንድ ታዋቂ ሰው አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተሩን በአባታቸው ሳይሆን በራሳቸው ስም «ዶክተር ቴድሮስ» ይላል።

ጀማሪው ታዲያ «ማይ ኔም ኢዝ» ብሎ ከመሸምደድ አልፎ፣ «ማይ ሰከንድ ኔም ኢዝ ማይ ፋዘርስ ኔም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ቢጨብጥ ብዙ ችግር ባቃለለች ነበር። ከውጭ ታትሞ የመጣ መጽሐፍ ይህችን አያስተምርም፤ ለጻፉት ሰዎች አታስፈልጋቸውማ።

ከስም ቀጥሎ «ዩ» ትመጣለች። በገጠር መንገድ ያለፈ ቱሪስት ሁሉ ከየአጥሩ ሥር «ዩ! ዩ! ዩ!» የሚል የልጆች ጩኸት ሰምቷል፤ ብዙውም እንደ ስድብ ቆጥሮት ተቀይሟል። ልጆቹ ያደረጉት «አንተ!» የሚለውን ጥሪ ቃል በቃል መመለስ ብቻ ነው። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ እያለ የሚለየውን እንግሊዝኛ በአንዲት ቃል ይጠቀልለዋል። ጨዋ ያሳደገው ተማሪ አዛውንትን «ዩ» ማለት ይከብደዋል፤ አንቱታውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲያጣ በየዓረፍተ ነገሩ «ሰር» ወይም «ማዳም» ይሰካል። ያ ከ1ኛ ክፍል የጀመረው «ቲቸር» የሚለው ጥሪም የአማርኛውን «መምህር» ተክቶ፣ አክብሮቱን ተሸክሞ የገባ ይመስላል።

«ሃው አር ዩ»ም እንደዚሁ ያሳስታል። በአማርኛ «እንዴት አደርክ?» ያለ ሰው መልስ ይጠብቃል፤ ከመልሱም በኋላ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሳይቀር ይጠየቃል። አሜሪካዊው ግን «ሃው አር ዩ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ በአጠገብ ያልፋል። አዲስ ሄዶ ሰላምታውን የምር የወሰደ ሐበሻ፣ ቆሞ ጤናውን ሊዘረዝር ሲል ጠያቂው ሊፍት ውስጥ ገብቷል።

ሰዋስው ላይ ሲደረስ ደግሞ አማርኛ ከኋላ ይጎትታል። «ተማሪ ነኝ» ሲባል «እኔ» መባል የለበትም፤ ባለቤቱ መጨረሻ ላይ «ነኝ» ውስጥ ተቀምጧል። እንግሊዝኛ ከፊት «አይ አም» ይላል። ጀማሪው ይህችን እንደ አንድ ቃል ስለሚሸመድዳት፣ «እኔ» ማለት በፈለገ ቁጥር ይመዛታል፦ «አይ አም ጎ»፣ «አይ አም ሊቭ ኢን አዲስ አበባ»። «መምህር ነኝ» ላይ ከመምህር ፊት ምንም ስለሌለ «አይ አም ቲቸር» ይላል፤ «ኤ» የምትባለዋ ቅንጣት ለአማርኛ ጆሮ ትርፍ ናት። ዕድሜውን ሲጠየቅ «ማይ ኤጅ ኢዝ» ብሎ ይጀምራል፤ እንግሊዞቹ ግን «አይ አም ትዌንቲ» ብለው ቁጥሩን ራሳቸው ይሆኑታል። የተወለደበትን ዓመት በሀገሩ አቆጣጠር ከተናገረማ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል።

ከሁሉ የባሰችው ወጥመድ «የስ» ናት። ሐኪም ሆዱን ተጭኖ «ዳዝንት ኢት ኸርት?» ቢለው፣ በሽተኛው «አያምህም?» ብሎ ተርጉሞ «የስ» ይላል፤ «አዎ፣ አያመኝም» ማለቱ ነው። ሐኪሙ የሰማው «ያመኛል» የሚል ነው።

እነዚህ ስህተቶች ሁሉ ከአማርኛ የተቀዱ ናቸውና መፍትሔያቸውም ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ነበር። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ግን ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረን ልጅ ይቀጣሉ። «ነኝ» የት እንደሚቀመጥና «አም» የት እንደሚቆም በአምስት ደቂቃ አማርኛ ቢነገረው የሚገባው ልጅ፣ ለዓመታት «አይ አም ጎ» እያለ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝበታል።

ባሕር ማዶ ያሉ እናቶችና አባቶች ይህን ትምህርት በስተርጅና ይጀምሩታል። የአሜሪካ ዜግነት አመልካች ከሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት አንዱንም በትክክል መጻፍ አለበት፤ ንግግሩ የሚለካው ባስገባው ማመልከቻ ላይ በሚነሡ ጥያቄዎች ነው። 55 ዓመት የሞላውና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ፣ ወይም 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ነው። የቀሩት ማታ ማታ ደብተር ይዘው «ማይ ኔም ኢዝ» ይላሉ።

ከእነሱ አንዷ፣ አባቷ ተሰማ የሚባሉ ሴት ነች እንበል፣ ለቃለ መጠይቁ ቀርባ ወረፋ ትጠብቃለች። ያጠናችውን በልቧ ትወጣዋለች። በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው ብቅ ይልና «ሚስ ቴሴማ!» ብሎ ይጣራል። እሷ እንደተቀመጠች ናት። አባቷ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ሰውየው ወረቀቱን አየት ያደርግና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።